ሆራው በደጃችን ወጣ

አምቦ፣ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የአጎቴ ልጅ ሌታ ነው። ሚኒባሱ ላይ የጫናቸው ስድስት ጀሪካኖች የአምቦ የቧንቧ ውሃ ናቸው፣ ለእናንተ ነው የላክኋቸው። ሌላውን ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር ስማኝ። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ምንጭ አንተም፣ የወንድሜ ሚስት መቲም፣ ሕፃኑም እንዳትጠጡ።

ሐሙስ ዕለት ደውለህ «ቢፍቱ ኮ፣ የኔ ቢፍቱ፣ ሆራው በደጃችን ወጣ» ስትለኝ ድምፅህ የልጅ ድምፅ መስሎ ነበር። ከብቶቹን ጨዋማውን የሆራ ውሃ ለማጠጣት ግማሽ ቀን መንዳት ቀረልኝ አልክ። ከመጠጥ ምንጫችን ሃያ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ፣ ላሞቹ መሬቱን ሲልሱ አይተህ ነው ያወቅከው። ምንጩም አምቦ ውሃ አምቦ ውሃ እንደሚል፣ ለሆድህ ስለተስማማ ጠዋት ጠዋት ሁለት ኩባያ እንደምትጠጣ ነገርከኝ። «ሐኪሙ ጨው ቢከለክለኝ እግዜር በውሃ ላከልኝ» ብለህ ሳቅክ። እኔ ግን የታመመ ኩላሊትህን አሰብኩ።

«አትጠጣ» አልኩህ። «እሺ፣ አፍልቼ እጠጣለሁ» አልክና ኔትወርኩ ተቋረጠ። አባዬ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ጨው አያወጣም። ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፣ ጨው ድስቱ ውስጥ ይቀራል፣ ይብስበታል። ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት መቲ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱ ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። እግርህ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎሃል አለች። ውሃውን ተው ብትልህ «መድኃኒቴ ነው» ብለህ መለስካት። ምክንያቱን ካልነገሩህ እንደማትሰማ አውቃለሁ። ምክንያቱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ላይኛው ሆራ ወደ ወንዙ እየገባ የመስኖውን ድንች እንዳቃጠለው ታውቃለህ። ጨው ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ መላ የመፈለጉ ሥራ ለእኔ የውሃ ጥናት ቡድን ተሰጠ። መጀመሪያ ሆራውን ኩሬ ውስጥ አቁረን ፀሐይ ታድርቀው አልን፤ የእኛ አገር ክረምት ግን ኩሬውን ሞልቶ መልሶ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ጉድጓድ ቆፍረን ወንዙ ጋ ሳይደርስ በፓምፕ እንሳበው ሲባል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ፓምፑ ይቆማል፣ የተሳበውንስ የት እንድፋው? በቧንቧ ከእርሻው በታች እንልቀቀው ያሉም ነበሩ፣ የታች ሰዎች ግን የሚጠጡት ያንኑ ወንዝ ነው። በመጨረሻ እኔ ሆራው የሚወጣበትን የድንጋይ ስንጥቅ በሲሚንቶ እንድፈነው አልኩ። ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ የቆፈሩት ኦቦ ሙለታ ብቻ «ልጄ፣ ከደፈንሽው በኋላ በየት ይወጣል?» ብለው ጠየቁኝ። አጥንቼዋለሁ አልኳቸው፣ ትንሽም ተቆጣሁ። ስንጥቁም ተደፈነ።

በእርግጥም አጥንቼ ነበር። አካባቢውን በእግሬ ዞሬ አሥራ አንድ ምንጮች መዘገብኩ፣ ሁሉም ስንጥቁ ከመሬት በታች ከሚሄድበት መስመር የራቁ ነበሩ። የእኛን አልመዘገብኩም። ደብቄ አይደለም አባቴ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጎንበስ ብዬ የጠጣሁት ስለሆነ ምንጭ መሆኑ ትዝ አላለኝም፣ ለእኔ የቤት ውሃ ነበር። ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ ካርታውን ዘርግቼ ቤታችን ያለበት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረግኩ። ነጥቡ መስመሩ ላይ አረፈ፤ እዚያ የደፈንኩት ሆራ ነው በደጃችን የወጣው።

ከዚህ የባሰውንም ልንገርህ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ለማንም ሳልናገር ቢሮ ተቀመጥኩ። ለሥራዬ ፈራሁ። ድንቻቸው ያገገመላቸው ገበሬዎች ባለፈው ሳምንት እጄን ይዘው መርቀውኝ ነበር፣ እነሱን ምን ብዬ አያለሁ ብዬ ፈራሁ። ያን ቀን አንተ ስትጠጣ ዋልክ። የእግርህን ነገር ስሰማ ሌላው ፍርሃት ሁሉ ጠፋና አንተን የማጣት ፍርሃት ብቻ ቀረኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሆራውን ሥራ የሚመራው ኮሚቴ በእኔ ጥያቄ ይሰበሰባል። ሲሚንቶው ይሰበር፣ ሆራው በቀድሞ ቦታው ይውጣ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው ብዬ እናገራለሁ። ኦቦ ሙለታ አብሬሽ እገባለሁ ብለውኛል። ራሴ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ሲሚንቶው ዛሬ ቢሰበር እንኳ ምንጫችን መቼ እንደሚጠራ አላውቅም። ጭራሽ ላይጠራም ይችላል።

ሌታ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅሃል። ላሞቹን ለመቲ ተውና አብረኸው ና፣ ከስብሰባው እንደወጣሁ የአምቦ ሆስፒታል በር ላይ እጠብቅሃለሁ። እምቢ ካልክ ግን ቢያንስ ይህን አድርግልኝ። ተቆጣኝ፣ ስሜን አትጥራ፣ ልጄ አይደለችም በል። ብቻ ያን ውሃ አትጠጣ።

ልጅህ ቢፍቱ