የጥሩወርቅ ቀይ ክር

ዲቲኮን፣ ጥቅምት ፳፰ ቀን

ውድ ቢረሳው፣

ሰላምታዬን ለመጨረሻው አቆይቼዋለሁ፤ ዛሬ የቀደመው ቁጣዬ ነው።

ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ አርባ መጥተህ ወደ ጄኔቭ ስትመለስ፣ በባቡሩ በር ላይ ቆመህ ያልኸኝን አስታውስ። «የኔታ፣ ወንዝ ዳር ሐረጉ ላይ ቀይ ክር ታስሮ አገኘሁ። አማትቤ በጣጥሼ ሊማት ወንዝ ውስጥ ጣልሁት። የሸሸነው ጥንቆላ እዚህም ተከትሎን መጥቷል» አልህ። በኩራት ነበር የተናገርኸው። በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩም ይዞህ ሄደ።

ክሩን ያሰረችው ጥሩወርቅ ናት።

እዚህ አገር ሆፕፈን የሚሉት ሐረግ ወንዙ ዳር በዱር የሚበቅል የፈረንጅ ጌሾ መሆኑን ታውቃለህ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የማኅበራችንን ጠላ የጠመቀችው በእርሱ ነው። የማታውቀው ይህን ነው፦ የእኛ ጌሾ በቅጠሉና በእንጨቱ ይጠመቃል፤ የዚህ ግን ጥቅሙ ሴቴዋ በምታወጣው አበባ ብቻ ነው። ወንዴው ለምንም አይሆንም። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ደግሞ ሁለቱን የሚለይ ዓይን የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ዳርቻውን ለማስፋት ኅዳር ላይ መቆፈሪያ እንደሚያስገባ በሰማች ጊዜ፣ በነሐሴ ያበቡትን አራቱን እየለየች አሰረች። ብርዱ ሳይጠና ሥራቸውን አውጥተን ወደ አትክልት ቦታችን ልናዛውር ነበር። በመስከረም ሞተች። ለአርባዋ ስትመጣ፣ ጉልበቴ ስለደከመ፣ ለመንቀል እንዲመች የደረቀውን ሐረግ ብቻ እንድታጸዳልኝ ላክሁህ፤ አንተ ምልክቷን አጸዳህ።

እኔም ክሩን መጀመሪያ ሳይ ልቤ ክፉ እንዳሰበ አልደብቅህም። ግን ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። «መሪጌታ፣ ይህን ሁሉ ተምረው የሚስትዎን ቋጠሮ አያውቁም?» አለችኝ።

አሥር ዓመት ትርጓሜ ያስተማርሁህ አንዱን ቃል «አንድም» እያልህ በብዙ መንገድ እንድትመረምር ነበር። ክሩን ግን በአንድ መንገድ ብቻ ፈርደህበት ጣልኸው። መጠየቅ ምን ያህል ይከብድ ነበር? እኔ እኮ ቤት ውስጥ ነበርሁ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ በዚያች ቀን አንገትህ ላይ የነበረው ቀይ የአንገት ሹራብ ነው። እርሷ የሠራችልህን ማለቴ ነው። ሐረጉን ያሰረችው ከእርሱ በተረፈው ክር ነበር። አንገትህ ላይ ጠምጥመኸው፣ በእጅህ ስትበጥሰው አላወቅኸውም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወንዙ ዳር ያለውን የሐረግ ሥር፣ ሴቴ ወንዴ ሳልል አሥራ አራቱንም፣ በእነዚህ ጉልበቶች ተንበርክኬ ቆፈርሁ። ስምንቱን ተከልሁ፤ ለተቀሩት ቦታ የለኝም። ስድስቱን በልጅህ በሩሐማ እጅ ልኬልሃለሁ። ጄኔቭ ኦ ቪቭ ሰፈር ባለው የቤትህ በረንዳ፣ በየማሰሮው አንዳንድ ሥር አራት ጣት ያህል ቅበር፤ ገለባም አልብሰው። አንዱንም እንዳትጥል፤ የጥሩወርቅ የትኛው እንደሆነ አንተም እኔም አናውቅም። የሙት ዓመቷ ጠላ ደግሞ በሌላ አይጠመቅም።

ይቅርታ ለመጠየቅ በስልክ አትድከም፤ አላነሣውም። በነሐሴ ከስድስቱ ያበበውን ይዘህ ና። የእኔንም አብረን እናያለን። ምልክት የምናስርበትን ክር ከአንገትህ ሹራብ ተርትረህ አምጣ።

ያቆየሁት ሰላምታ ያን ቀን ይደርስሃል።

መምህርህ
መሪጌታ ኅሩይ