ከአሮጌው መዝገብ ወደ አዲሱ

ኅዳር 3 ቀን 1979

አዲሱ መዝገብ መጣ። በበቅሎ፣ ከዱቄት ወተት ካርቶን ጋር ተጭኖ። ሽፋኑ ጠንካራ፣ ጀርባው ቀይ... ገና ሳይገለጥ ደስ ይላል። አሮጌው ክረምቱን ሙሉ ፍሳሽ ጠጥቶ አብጧል። ትሁን «ይሄማ አርግዟል» ትለዋለች። የክሊኒኩ ጽዳት ናት፤ ምላሷ ከመጥረጊያዋ ይፈጥናል።

ደብዳቤም አብሮ አለ። ክትትል ላይ ያሉ ሕመምተኞች በሙሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይገልበጡ። ከታኅሣሥ ጀምሮ መድኃኒት የሚላከው በአዲሱ መዝገብ ባለው ስም ልክ ነው። ተቆጣጣሪያችን ጓድ ሙሉሃብት ከላሊበላ መጥቶ ያያል። አንድ ሳምንት ተሰጠኝ።

አባቴ የብራና ቁም ጸሐፊ ነበር። እጄን ያቃናው እሱ ነው። እንግዲህ ጽሕፈት ምን እንደሆነ ያያሉ።

ኅዳር 5

ሃያ ሦስት ሰው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

አሮጌውን የጻፉት ጋሽ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። ከእኔ በፊት እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ። ጽሕፈታቸው የዶሮ ጭረት! ዳር ዳሩን ሁሉ ሞልተውታል። «ይህ ሰው መርፌ ይፈራል፤ ስለ በሬው እየጠየቅህ ውጋው።» «የዚህች ዓይን ደክሟል፤ ኪኒኑን ልጇ ይቁጠርላት።» «ቤቱ ከሾላው በላይ፤ ክፉ ውሻ አለው።» ሳቄ መጣ። የጤና መዝገብ ነው የሰፈር ወሬ?

የአዲሱ ዳር ጣት አያስገባም። ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ገበሬ ማኅበር፣ ሕመም፣ ምክንያት፣ መድኃኒት፣ ውጤት። አለቀ። የዳር የዳሩን ሁሉ ተውኩት። ምን ላድርግ... ቦታ የለም።

ኅዳር 8

ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ቆምኩ። አስቻለች። የሳንባ ነቀርሳ። ከነሐሴ ወዲህ አልመጣችም።

ዳሩ ላይ የጋሽ ገብረ ሊባኖስ ጭረት፦ «ሕመሟን ጎረቤት አያውቅም። በወረፋ አትጠራ። በጓሮ በር ትግባ።»

እስከ ዛሬ አላነበብኩትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ!

ነሐሴ ላይ አሥር ቀን ዘግይታ መጣች። የገበያ ቀን፣ በረንዳው ሰው በሰው። ጮህኩባት። «ነቀርሳ ይዞሽ ነው እንዲህ የምትቀልጂው? ሰፈሩን ልትጨርሺ ነው?» አጠገቧ የነበረችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ፈቀቅ አለች። አስቻለች ኪኒኗን ሳትወስድ ወጣች። እኔስ? «የምትጎጂው አንቺ!» ብዬ ቀጣዩን ጠራሁ። ያን ቀን ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

«ውጤት» የሚለው ዓምድ የሚቀበለው አራት ቃል ነው። ዳነ፣ ቀጠለ፣ ጠፋ፣ ሞተ። «ጠፋ» ከተባለ ሦስት ጊዜ ቤቱ ድረስ ተሄዶ የተሞላ ቅጽ ይያያዛል። የእሷ ቤት ዳገቱን አራት ሰዓት ነው። አንድም ጊዜ አልሄድኩም። ሦስት ቅጽ ከየት ላምጣ?

ኅዳር 9

«ሞተች» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቱ ያምራል።

ኅዳር 10

ምናልባት እውነትም ሞታ ይሆናል እኮ። ሦስት ወር ያለ መድኃኒት... እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ያዝኩት። የሰው ሞት ማጽናኛ ሆነኝ?

ኅዳር 11

ጓድ ሙሉሃብት መጣ። ገጹን እያገላበጠ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ይሄ መዝገብ ሳይሆን ዳዊት ነው» አለኝ። አንድ ስርዝ የለ፣ አንድ ድልዝ የለ። ግልባጩን ይዞ ሄደ። ነገ ሚካኤል ነው፤ ቸኩሏል።

ደስ አለኝ? አዎ። ደስ አለኝ።

ኅዳር 22

ምነው ዛሬ ባልመጣሁ።

ትሁን መጥረጊያዋን እንደያዘች ገባች። «ሰማህ? አስቻለች ሞተች ብለው ለናቷ መርዶ ነገሯቸው!»

እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በታች ነው የሚኖሩት። ላሊበላ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ አረጋ የሚባል ጸሐፊ ጎረቤታቸው ነው። ግልባጩ ላይ ስሟን አየ። አውቆ ዝም ማለት ነውር ሆነበት። ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ በራቸውን አንኳኩ... እንደ ወጉ። እናት ራሳቸውን ተላጩ። ፊታቸውን ነጩ። ዘመድ ተከትሏቸው ወደ ልጃቸው አገር ተነሡ።

«ዋይ ዋይ እያሉ ዳገቱን ሲወጡ አስቻለች ድምጥ ሰምታ ከቤት ብቅ» አለች ትሁን። «እሷ ደግሞ ለናቷ መርዶ የመጡ መሰላት! እናት ተሸፋፍነው ከመሀል ናቸው፣ በየት ትያቸው? ደረቷን እየደቃች ተቀላቀለች። እናት ለልጅ፣ ልጅ ለናት ሲያለቅሱ ቆይተው... ፊት ለፊት ግጥም!»

ትሁን ሳቅም እንባም ቀደማት። ከዚያ አየችኝ። «እንዴት ሰው የቁም ሰው ይገድላል? አንተ ልጅ?»

መርፌ እየቀቀልኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

ኅዳር 24

ከጓድ ሙሉሃብት ቁራጭ ወረቀት ደረሰኝ። «አረጋ ስም አሳስቶ አንብቦ ነው ብለናል። ከሥራው ተነሥቷል። ያንተ መዝገብ ንጹሕ ነው፤ እንዳትነካው።»

ሳላስበው «ተመስገን» አልኩ። አፌ ይቆረጥ! ሰው እንጀራው ሲቆም ተመስገን?

ኅዳር 25

ወደ አስቻለች ቤት ተነሣሁ። ወንዙ ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩ። ለትሁን ሆዴን አሞኝ ነው አልኳት። አላመነችኝም። እኔም ብሆን አላምነኝም።

ኅዳር 27

«ሞተች» ያልኩትን በምላጭ ልፍቀው ብዬ ሞከርኩ። ወረቀቱ ተቀደደ። ብራና ቢሆን ይፋቅ ነበር። አባቴ ስሕተቱን በካራ ሲፍቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ፍቆ ግን አይደብቅም፤ መጨረሻው ላይ «ተሳስቻለሁና ማሩኝ» ብሎ ይጽፋል። ስሙን ጨምሮ።

እጁን ብቻ ነው የወረስኩት። ሌላውን የት ጣልኩት?

ታኅሣሥ 1

ጠዋት የጓሮው በር ተንኳኳ። ትሁን ናት ብዬ ከፈትኩ።

አስቻለች። ከስታለች፤ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ከኋላዋ ተሸፋፍነው የቆሙ አሮጊት።

«ለራሴ አልመጣሁም» አለች። «እናቴ ፊቷ መግል ይዟል። እሷን ይዩልኝ።»

አስቀመጥኳቸው። ነጠላውን ገለጥ አደረግኩ። ከዓይናቸው ሥር እስከ አገጫቸው፣ በዚህም በዚያም አራት አራት መስመር። የጥፍር። አባቴ ከመጻፉ በፊት ብራናው ላይ የሚያሰምረውን መስመር ይመስላል።

ውሃ አፍልቼ፣ ጨው ጨምሬ፣ በቁስል መጥረጊያ ጎዝ ቀስ እያልኩ ማጠብ ጀመርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አሉኝ።

ይህን አልቻልኩትም።

«እማማ... ሞተች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አረጋ አንዳች ጥፋት የለበትም። መሞቷን ከማንም አልሰማሁም። ሄጄ ማየት ሰንፌ ነው።»

ጎዙ ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ቀረ። አስቻለች ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ትሁን ባልዲዋን አስቀመጠች። ይገፉኛል ብዬ ጠበቅኩ። በጥፊ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ!

ከዚያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፦ «በል እጠብ። ያኛው ጉንጬ ቀርቷል።»

አጠብኩ። ያኛውንም።

ለአስቻለች ከአሮጌው ቆርቆሮ የተረፈውን ሠላሳ ፍሬ ሰጠኋት። የአንድ ወር ነው። ከዚያስ? ለሞተ ሰው መድኃኒት አይላክም። ስለዚህ ለጓድ ሙሉሃብት ጻፍኩ። ቁጥር አሥራ ሰባት በሕይወት አለች፤ መድኃኒቷ ይላክ። ሐሰቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አረጋ ወደ ሥራው ይመለስ። ትሁን ደብዳቤውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ታድራለህ፤ ስታድር ትመለስበታለህ» ብላ ላሊበላ ለሚወርድ ነጋዴ ልትሰጥ ሮጠች። ታውቀኛለች።

ሊወጡ ሲሉ አስቻለችን ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ያን ቀን አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ ናት» አለች። «ከዚያ ወዲህ እሳት እንኳ አንጫጫርም።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። እናቷን ደግፋ በጓሮው በር ወጣች።

አዲሱን መዝገብ ከፈትኩ። አሥራ ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ ከተቀደደው ጎን፣ «ቀጠለች» አልኩ። ከዚያ አዲስ ረድፍ። ቁጥር ሃያ አራት። ወለተ ሩፋኤል። ዕድሜ ስልሳ ስምንት። ሕመም፣ የፊት ቁስል። ምክንያት...

«የዚህ ክሊኒክ ጤና ረዳት ጋሻዬ፣ በሕይወት ያለች ልጃቸውን ሞተች ብሎ ስለ ጻፈ።»

ዓምዱ አልበቃኝም። የቀረውን ዳሩ ላይ ጫርኩት።