ገርበር ማለት

ሰኞ
ምን ነካኝ? እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? ሊትልተን ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ፈረንጅ ሽማግሌ፣ ሚስተር ገርበር፣ መድኃኒታቸውን እየሰጠኋቸው ስለ ስማቸው ያወሩኝ ጀመር። ጀርመንኛ ነው፣ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ማለት ነው አሉ። የቅድመ አያታቸው ሙያ ነበር። ይኮሩበታል።
"በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?" አሉኝ።
"አላውቅም" አልኩ።
አላውቅም! የፋቂ ልጅ።

ማክሰኞ
ዛሬ ደግሞ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያው አስወረዱኝ። በአጉሊ መነጽር አነበቡልኝ። ቃሉ የመጣው "ጋር" ከሚል ነው። የእኛው ጋር መስሎኝ ግራ ገባኝ። የእነሱ ግን የተዘጋጀ፣ የደረሰ ማለት ነው፤ የበሰለ ሥጋንም እንዲሁ ይሉታል። ገርበር እንግዲህ አዘጋጅ። መፋቅ የለበት፣ ሽታ የለበት። አገር ቤት ግን ሰዎች እኛን ሲጠሩን አፍንጫቸውን ይዘው ነበር። ሥራው አንድ አይደል? ታዲያ አንዱ ቃል በር ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው ይደበቃል?
ለባሌ ለታደሰ፣ አባቴ ቆዳ ነጋዴ ነበር ብዬዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ረቡዕ
ኦፍ ነኝ። ላውንድሪ። የመኪናው ኢንሹራንስ። ፍሪጁን ማጽዳት። አንዱንም አልሠራሁ። "ለፋ" የሚለውን ሳስብ ዋልኩ። ቆዳም ይለፋል፣ ሰውም ይለፋል።
ለታደሰ ልንገረው? እናቱ ቤት ለፋቂ ውኃ የሚሰጥበት ጣሳ ለብቻው እንደነበር አንዴ እየሳቀ አውርቶኛል። አብሬው ስቄአለሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው።

ሐሙስ
ነገርኩት። ዳውንታውን ከሚሠራበት ፓርኪንግ ፒክ አድርጌው ስንመለስ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ቀይ መብራት ላይ። "አባቴ ነጋዴ አልነበረም። ፋቂ ነበር።" አረንጓዴ በራ፤ ከኋላ ጥሩምባ ነፉብኝ። ታደሰ "ንጂ" አለ ብቻ።
ቤት ደርሰን ፓርክ አደረግኩ። አልወረደም።
"የጣሳውን ነገር ሳወራ አብረሽኝ ሳቅሽ" አለኝ።
"አዎ።"
"እንዴት ቻልሽው?"
ተቆጥቶ ይሁን አፍሮ አልገባኝም። ከዚያ "አባትሽ ራሳቸውን ምን ይሉ ነበር?" አለኝ።
አሰብኩ፣ አሰብኩ። ሰው እሱን የሚጠራበትን እንጂ እሱ ራሱን የሚጠራበትን ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ታላቅ እህቴ ታስታውስ ይሆናል። ነገ እደውልላታለሁ አልኩት።
"ስትደውዪ እኔም ልስማ" አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ። ግን ከመኪናው ወርዶ፣ እኔ እስክወርድ ቆሞ ጠበቀኝ።