በጠመኔ የተማሩት ማሽን

ቢቸና፣ ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሁንም ደሜ እንደፈላ ነው። ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠልጥኚ ተባልኩ፤ ሦስቱም ቀን መብራት ሳይመጣ አለቀ። ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ እንደለበሱ ቀሩ። ይራዘም ብዬ ብጠይቀው ኃላፊዬ፣ "ሪፖርቱ ዓርብ ይፈለጋል፤ በቃል አስተምሪያቸው" አለኝ። እሺ አልኩ። ማሽኑ የሚጠየቀውን ጥያቄ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ አስገለበጥኳቸው፤ ዛሬ በቃል ፈተንኳቸው። ውኃ ሳይነኩ ዋና!

ያየህ የሚባል ሠልጣኝ አለ፤ ሞጣ አካባቢ ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ቆይቶ ሥራ ፍለጋ የመጣ። ተራው ሲደርስ የእኔን ጥያቄ ትቶ የራሱን አመጣ፤ የአባቱን ስንዴ ስለመታው ዋግ ማሽኑን እንዴት እንደሚጠይቀው።

"ሰሌዳው ላይ የነበረውን በል" አልኩት።

"ቲቸር፣ አይቆጡኝና፣ ቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ያቀረበ ያፍራል። መድገሙንማ ማሽኑ ከእኛ ይበልጥ ይችልበት የለም እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ተቆጣሁ። በእሱ! ለኃላፊዬ እሺ ብዬ የተመለስኩት ሴት በዚህ ልጅ ላይ ጮኽኩበት። ሰሌዳውን ቃል በቃል ያነበነቡትን ሁሉ አሳለፍኩ፤ የምስክር ወረቀታቸውን ፈረምኩ። ያየህን ጣልኩት።

የሪፖርቱ ቅጽ "ያልበቃ ሠልጣኝ" የሚል ቦታ አለው። የእሱን ስም ጻፍኩበት። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፤ "ያልበቃች አሠልጣኝ" የሚል ቦታ ግን የለውም።