አዲሷ ጸሐፊ

ናይሮቢ፣ መጋቢት 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአድነው፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ።

ከምኖርበት ከካሳራኒ ሥራዬ እስካለበት እስከ ዌስትላንድስ መንገዱ ስለሚጨናነቅ በመጀመሪያው ማታቱ (የዚህ አገር ሚኒባስ ታክሲ) ተሳፍሬ ቢሮ ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ። አለቃችን አዲስ ጸሐፊ ቀጥሮ «ምሥራቅ፣ ሥራሽን በሙሉ አስለምጃት» አለኝ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ሁሉንም ቶሎ ያዘችው። ባልደረባዬ ዋንጂሩ ግን ትናንት ምሳ ላይ በስዋሂሊ «ፖሌ» (አይዞሽ) ብላ አቀፈችኝ። ምን ሆንኩና? አለቃዬን ልጠይቀው በሩን አንኳኳሁ፤ ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን የልጆቹን ደህንነት ብቻ ጠይቄው ተመለስኩ።

እናታችን ስለ ሥራዬ ከጠየቀችህ፣ አለቃዋ ይወዳታል በላት። እዚያ ጸሐፊ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ካለም እግረ መንገድህን ጠይቅልኝ፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ጌታ በደስታ ፊት ለፊት ያገናኘን።

እህትህ ምሥራቅ