በማለዳ የመጡት ሽማግሌዎች

ይድረስ ለእቴ ያምሮት፤ ሰላምታዬ ቀድሞኝ ካለሽበት ይግባ። እኔ ወንድምሽ ክንዱ እንደ ድልብ በሬ ነኝ፤ እማዬም ደህና ናት።

ቡሬ ላይ እንደኔ ባጃጅ የሚነዳ የለም። ተሳፋሪውን «እህቴ ህንድ አገር ነው የምትማር፤ እየተማረች ደግሞ ችግረኛ ታገለግላለች» ስለው አፉን ይከፍታል። ጎርፍ ያፈረሰውን መንደር ልናግዝ ሄድን ካልሽን ወዲህ ስልክሽ አልሠራ ቢለኝ ነው በፖስታ የጻፍኩ። ኔትወርክ ነው መቸም።

ቅዳሜ ማለዳ ጎረቤታችን አያ ትዕዛዙ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ጋቢ ተከናንበው በራችን ላይ ቆሙ። እኔ ማንን ፈርቼ! ዱላዬን ይዤ ወጣሁና «አንድ ቃል እንዳትናገሩ፣ ተመለሱ!» አልኳቸው።

«አንተ፣ አብደሃል? በሬ ጠፍቶን እኮ ነው! አይተህ እንደሁ ብለን ነው» አሉኝ።

በሳቅ ፈረስኩ። ዱላዬን ጥዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ዞር ስል እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላዬ ቆማለች።

«በሬ ፈላጊዎች ናቸው» አልኳት። ወደ ውስጥ ገባች። ነጠላዋን እስከ ዛሬ አላቃናችም። እኔ ብለምናት እንቢ አለች፤ አንቺን ትሰማለችና እስቲ ደውይላት።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል። እመቤታችን ከፊትሽም ከኋላሽም ትሁን።

ጀግናው ወንድምሽ ክንዱ