ጨለማውን ዋሻ ላበሩልን ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የመዝናኛ ፓርኩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለአማካሪዎችዎና ለአማካሪዎችዎ አማካሪዎች የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። በተለይ ለዓይንዎ ፍጹም ጤንነት አጥብቄ እመኛለሁ፤ ፓርክዎ ዛሬ ከደንበኛው የሚጠብቀው ሌላ ነገር የለምና።

እኔ በሙያዬ የአሳንሰር ጠጋኝ ስሆን፣ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጄ ጋር የጨለማው ዋሻ ጀልባ ደንበኛ ነበርኩ። ልጄ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ሲሆን ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ አያይም። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልን አይደለም፤ ሐዘን ቢያስፈልገን ዘመድ አለን።

እርስዎ ከተሾሙ ገና ስምንተኛ ወርዎ ስለሆነና ጀልባውን ሳይሳፈሩበት አስነቅለውት ሊሆን ስለሚችል፣ ምን እንደነበር በአጭሩ ላስረዳ። ስምንት ሰው የሚይዝ የእንጨት ጀልባ ነበር፤ ውኃ ላይ በሰንሰለት እየተጎተተ፣ ቅንጣት ብርሃን በሌለበት ዋሻ ውስጥ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይጓዝ ነበር። በዚያ ጨለማ የሐኪሙም፣ የታክሲ ነጂውም፣ የእኔም ዓይን እኩል ሥራ ፈት ነበር። ልጄ ግን መንገዱን በጆሮዋና በቆዳዋ ታውቀዋለች፤ የውኃው ድምፅ ሲለወጥ «ጎንበስ በሉ!» ትላለች፣ ሁላችንም ጎንበስ እንላለን፤ ነፋሱ ጉንጯን ሲነካት «ያዙ፣ ልንወርድ ነው!» ትላለች፣ ሁላችንም ብረቱን ጭምድድ አድርገን እንይዛለን። ነባር ደንበኞች ከእሷ ጋር ለመሳፈር ሲሉ ወረፋቸውን ይለቁ ነበር፤ «ካፒቴን» የሚል ስምም አወጡላት። ሳምንቱን ሙሉ ሰው እጇን ይዞ የሚመራት ልጅ፣ በሳምንት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሰው ትመራ ነበር። እንግዲህ እርስዎ ያደሱልን ይህንን ነው፤ ምስጋናዬንም እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ውኃው። ውኃውን አስደርቀው ወለሉን ሰማያዊ ቀለም ማስቀባትዎ ለልብሳችን ምን ያህል እንደሚጨነቁ ያሳያል። ድምፁም ቢሆን አልቀረብንም፤ ጣሪያው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ያው አንድ ፏፏቴ በየአርባ ሰከንዱ እየተመለሰ ይፈስልናል። የእርጥብ እንጨቱን ሽታ አጥፍተው በምትኩ ስለሚያስረጩት ሽቶ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከሆቴል መጸዳጃ ቤት ሽታ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ልጄ በሩ ላይ ስትደርስ ተሳስተን ሌላ ቤት የገባን መስሏት እጄን ይዛ ወደ ኋላ ጎትታኝ ነበር።

2. ስለ መነጽሩ። ዘንዶው፣ የሚበረው ቤተ መንግሥትና የሚጨፍረው ዓሣ ሁሉ ያሉት፣ መብራት ባስገቡለት ዋሻ ውስጥ በጀልባው ምትክ በተተከለው ተንቀሳቃሽ መቀመጫ ላይ፣ ተሳፋሪው ዓይኑ ላይ በሚገጥመው ትልቅ መነጽር ውስጥ መሆኑን ተረድቻለሁ። ለእኔ የደረሰኝ መነጽር ከእኔ በፊት የተሳፈሩ የብዙ ሰዎችን ላብና የአንዲት እመቤት የፊት ቅባት በታማኝነት ጠብቆ ያቆየልኝ ነበር። የመነጽሩ ስፖንጅ ግንባሬ ላይ ተለጠፈ። ውኃውን ባደረቁት ዋሻ ውስጥ የቀረ እርጥበት ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

3. ስለ ደኅንነታችን። መነጽሩ የተሳፋሪው ዓይን ወደ ፊት መመልከቱን ሳያረጋግጥ የመቀመጫው ብረት እንደማይቆለፍ፣ ብረቱ ካልተቆለፈም ጉዞው እንደማይጀምር አላወቅንም ነበር። ድሮ ጀልባውን ይለቁልን የነበሩት ሽማግሌ፣ አሁን የብር ቀለም ያለው ጠባብ ልብስ አልብሳችኋቸው፣ መነጽሩን ለልጄ አራት ጊዜ እያወለቁ መልሰው ገጠሙላት።  በማሽኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ «እባክዎ ወደ ፊት ይመልከቱ» እያለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ በተሰለፈው አርባ ሰው ፊት ዘጠኝ ጊዜ ልጄን ገሠጸቻት። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ተቆጣጣሪ መጣና መመሪያውን ገልጦ፣ መነጽሩ ያላረጋገጠው ተሳፋሪ ለራሱ ደኅንነት ሲባል እንደማይሳፈር አነበበልን። የእኛንም የሽማግሌውንም ፊት አላየም፤ ከወረቀቱ ቀና አላለም። ልጄ መነጽሩን አውልቃ፣ ማሰሪያውን አጣጥፋ አስረከበች፤ ሽማግሌውንም አመስግና ወረደች።  ክቡር ሆይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሰውን በጨለማ ጉድጓድ ከላይ ታች ሳመላልስ፣ ተሳፋሪውን ታያለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አሳንሰር ገጥሞኝ አያውቅም።

4. ስለ አሮጌዎቹ ጀልባዎች። ሻይ ቤቱ ደጅ የአበባ መትከያ ሆነው አይቻቸዋለሁ። አበባው ፕላስቲክ ነው።

5. ስለ አስተያየት መቀበያው። የቀድሞውን መዝገብ አንስተው ባስቀመጡት ማሽን ላይ ሦስት ፊቶች አሉ፤ አንዱ ፈገግ ያለ፣ ሁለተኛው የሳቀ፣ ሦስተኛው እስከ መንጋጋው የሚታይ ነው። በዚያ ዋሻ ውስጥ ሚስቱን ለትዳር የጠየቀው ፀጉር አስተካካይ ሌላ የሚጫነው ቢያጣ፣ በንዴት ፈገግ ያለውን ፊት በክርኑ አሥራ ስድስት ጊዜ ደቃው። በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ ደንበኞቻችን መቶ በመቶ ረክተዋል የሚል መግለጫ አወጣ። በጡረታ ላይ ያሉት የሒሳብ መምህርት፣ እሳቸውም የሃያ ዓመት ደንበኛ ናቸው፣ ስሌቱ በምን መንገድ እንደተገኘ ለማወቅ እስከ ዛሬ ወረቀት እያባከኑ ነው። በኢንተርኔት ገጽዎ ላይ ከሁለት ሺህ የማያንስ ሰው ጀልባችንን መልሱ ብሎ በጻፈ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ገጹ ለእድሳት ተዘጋ። እድሳት እንደሚወዱ በዚህም አረጋገጥን።

6. ስለ ትልቁ ፎቶግራፍ። ይህን ስጽፍ እጄን እየቀፈፈኝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የፓርኩ ፎቶ አንሺ ልጄን በአሮጌው ጀልባ ላይ አንስቷት ነበር፤ ከዋሻው ስንወጣ፣ ውኃ ፊቷ ላይ ተረጭቶ፣ አንገቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ስትስቅ። አንድ ቅጂ እልክላችኋለሁ ብሎ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ግን ቅጂው በፎቅ ቁመት ተባዝቶ፣ በዋናው በር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከጀርባዋ የነበረውን ጀልባ አጥፍታችሁ፣ ዓይኗ ላይ መነጽር ሥላችሁባታል፤ ከላይም «ያልታየውን ይዩ!» ብላችኋል። አብራኝ የነበረችውን ልጄን ዝም ብዬ ላሳልፋት ፈልጌ ነበር፤ ሆኖም ታክሲ ነጂው ወዳጃችን «ካፒቴን፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ በር ላይ ሰቀሉሽ እኮ!» ብሎ ከሩቅ ጮኸ። ምን እንደሚመስል ንገረኝ አለችኝ። ነገርኳት። ማሽንዎ ያባረራትን ልጅ ፊቷን ወስዶ ሰው መጥሪያ ማድረግ ነውር ነው፤ ሌላ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁለት። ተጸየፍኩት፤ ፎቶውን ያየሁበትን ዓይኔን ታጥቤም አልወጣልኝም።

ስለዚህ ውድ ጊዜዎን ሳልሻማ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፎቶግራፉ ይውረድልን። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ መነጽሩ ይውለቅና መብራቱ ይጥፋልን። ማጥፊያውን የሚጫን ባለሙያ ከቸገረ እኔ ሥራዬ ነው፤ መጥቼ እጫናለሁ።

ለዘመናት ሲያስደስተን የኖረውን ጨለማ በስምንት ወር ውስጥ ድል ስላደረጉልን፣ ደረቅ አድርገው ስላወጡንና በሽቶ ስላጠኑን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ቀጣዩ ሹመትዎ ለማደስ ምንም ነገር በማይገኝበት ቦታ እንዲሆን ከልብ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ትሑት የቀድሞ ደንበኛዎ፣
የካፒቴን አባት

ግልባጭ፦
ለፀጉር አስተካካዩ
ለሒሳብ መምህርቷ
ለታክሲ ነጂው
የብር ቀለም ለለበሱት ሽማግሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለልጄ አነበብኩላት። ፎቶግራፉ ይውረድ የሚለውን እንዳነሣው አዝዛኛለች። ይቆይ፣ ነገር ግን ከሥሩ በዚያው ትልቅ ፊደል «በፎቶው ላይ የምትታየው ልጅ እዚህ መሳፈር ተከልክላለች» ተብሎ ይጻፍ ብላለች። እንደ እሷ ያሉትም በጣታቸው እንዲያነቡት፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ በብሬል እንዲደገም ትጠይቃለች። ብሬል የሚችል ሰው ካጡ ራሷ መጥታ ትጽፍልዎታለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሁን የምትሄድበት የላትም።